ቪትዟ ወደ ግራ ስትታጠፍ ከኋላ የሚፋተገው ምንድን ነው?

የደረሰኝ ጥያቄ ይህ ነው።

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። እ.ኤ.አ. የ2008 ሞዴል ቶዮታ ቪትዝ አለችኝ። ከአንድ ወር ወዲህ ወደ ግራ ስታጠፍ ከኋላ በኩል ‹ሽሽሽ› የሚል የመፋተግ ድምፅ እሰማለሁ። አደባባይ ላይ በደንብ ይሰማል። ቀጥ ስል ይጠፋል። ብቻዬን ስሆን ብዙም የለም። እሑድ እሑድ እናቴንና ሁለት እህቶቼን ይዤ እንጦጦ ስወጣ ግን ወደ ግራ በታጠፍኩ ቁጥር ይጮኻል። ስንወርድ ደግሞ ይቀንሳል። አንድ መካኒክ ጎማው የሚዞርበት ኩሽኔታ ነው ስላለኝ የኋላዎቹን ሁለቱንም አስቀየርኩ። ድምፁ እንዳለ ነው። ሌላው ደግሞ ዲፈረንሻል ነው፣ መውረድ አለበት አለኝ። ከዚያ በፊት ያስነካሁት ነገር ቢኖር አራቱንም ጎማ መቀየሬ ብቻ ነው። መሬት እየነካኝ ስለተቸገርኩ ትንሽ ከፍ የሚል ጎማ ነው የተገጠመልኝ። ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ በቅድሚያ የሞተሩን ኃይል ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያከፋፍለውን ዲፈረንሻል እርሺው። ቪትዝ በአብዛኛው በፊት ጎማዎቿ ነው የምትሄደው። እንዲህ ያለችው ቪትዝ ከኋላ ዲፈረንሻል የላትም። የሌለ ዕቃ አይወርድም። በአራቱም ጎማ የምትሄድ ቪትዝ መኖሯ እውነት ነው፤ ግን ያንቺ የትኛዋ እንደሆነች ለማወቅ ገንዘብ አያስፈልግም። ከኋላ ጎንበስ ብለሽ በሁለቱ ጎማዎች መሃል እዪ። መሃል ላይ ሆዱ የተነፋ ብረት ከሌለ፣ ከፊት ወደ እሱ የሚመጣ የሚሽከረከር ዘንግም ከሌለ፣ ዲፈረንሻል የለም ማለት ነው። እዚያው ላይ ጉዳዩ ይዘጋል።

ደስ ያለኝ ነገር ጥያቄሽን በደንብ አድርገሽ መጻፍሽ ነው። መልሱ ከግማሽ በላይ እዚያው ውስጥ አለ። መቼ እንደሚጮኽ፣ ወደ የት ስትታጠፊ እንደሚጮኽ፣ ማን ሲሳፈር እንደሚብስ ነግረሽኛል። አንድ መካኒክ ቁልፍ ከማንሳቱ በፊት መጠየቅ ያለበት ይህንኑ ነው።

ዛሬውኑ የሚደረገውን ላስቀድም። ጎማ ከተቀየረ በኋላ የመጣ ድምፅ ሁሉ ጎማውን የሚያስረው ዳዶ ሳይታይ አይታለፍም። በእያንዳንዱ ጎማ ላይ 4 ዳዶ አለ። አንዱ እንኳ ላልቶ ከሆነ ጎማው የተገጠመበት ብረት፣ ቸርኬው፣ በመታጠፊያ ላይ ይንቀሳቀሳል፣ ቀዳዳውም ይበላል። ቶዮታ ለእነዚህ ትንንሽ መኪኖች የሚያዘው የማጥበቂያ ልክ 103 ኒውተን ሜትር ነው። ልክ የሚያሳይ ቁልፍ ያለው ጋራዥ ሄደሽ 16ቱንም አስለኪ። በእግር ተቁሞበት የጠበቀ ዳዶም ጥሩ አይደለም፤ ቡሎኑን ይስበዋል። ይህ ካለፈ ወደ ዋናው እንሂድ።

መኪና ወደ ግራ ስትታጠፍ አካሏ ወደ ቀኝ ያዘነብላል። ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጠሽ አደባባይ ሲዞር አጠገብሽ ያለው ሰው ላይ እንደምትደገፊው ማለት ነው። ክብደቱ በቀኝ በኩል ባሉት ሞላዎች ላይ ያርፋል። ሞላው ይጨመቃል። ቀኙ የኋላ ጎማም ከላይ ወደሚሸፍነው ቆርቆሮ፣ ወደ ፓራፋንጎው፣ ጠልቆ ይገባል። እኛ አገር መንገዱን በቀኝ ይዘን ስለምንሄድ አደባባይን የምንዞረው ሁልጊዜ ወደ ግራ ነው። ስለዚህ አደባባይ ላይ ለሚሰማ የኋላ ድምፅ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ቀኙ ጎማ ነው። ብዙ ሰው «ወደ ግራ ስታጠፍ» ሲባል ግራውን ጎማ ይፈታል፤ ምንም አያገኝም፤ ከዚያ መገመት ይጀምራል።

ሰው ሲሳፈር መባሱም ያንኑ ይናገራል። የኋላ ወንበር ያለው ከኋላ ጎማዎቹ ትንሽ ወደ ፊት ፈቀቅ ብሎ ነው። እዚያ የተቀመጠ ሰው ክብደት አብዛኛው በኋላ ሞላዎች ላይ ነው የሚያርፈው።

ከሁሉም በላይ ያሳመነኝ ግን እንጦጦ ነው። ዳገት ላይ የመኪናዋ ክብደት ወደ ኋላ ይሸሻል። ቁልቁለት ላይ፣ በተለይ ፍሬን ስትይዢ፣ ወደ ፊት ይሄዳል፤ ኋላዋም ቀና ይላል። ዳገቱን ስትወጡም ስትወርዱም ያው አራታችሁ ናችሁ። መንገዱም ያው ነው፤ የተቀየረው የኋላው ሞላ ምን ያህል እንደተጨመቀ ብቻ ነው። ድምፁ ይህን ተከትሎ ከጨመረና ከቀነሰ የሚነግረን ግልጽ ነው። እየተሽከረከረ የተበላ ዕቃ ሳይሆን፣ ኋላዋ ዝቅ ሲል የሚገናኙ ሁለት ነገሮች አሉ።

ኩሽኔታ ነው ያለሽ መካኒክ ከመሬት ተነስቶ አልተናገረም። የተበላ ኩሽኔታም በመታጠፊያ ላይ፣ ክብደት ሲያርፍበት፣ ድምፁን ይቀይራል። ግን ድምፁ ሌላ ነው። ኩሽኔታ «ጉምምም» ይላል። ፍጥነት ሲጨምር ይጨምራል፤ አስፋልት ላይ ቀጥ ብለሽ በ60 ስትሄጂም አለሁ ይላል። ያንቺው ቀጥ ስትዪ ጭራሽ ይጠፋል። ደግሞ ኩሽኔታን ከመቀየር በፊት መሞከሪያው 5 ደቂቃ አይፈጅም። ጎማው በክሪክ ይነሳል። በአንድ እጅ ጎማውን እያሽከረከሩ ሌላውን እጅ ሞላው ላይ ማሳረፍ ነው። ኩሽኔታው የተበላ ከሆነ አሸዋ የገባበት ወፍጮ ይመስል ንዝረቱ በሞላው በኩል እጅ ላይ ይመጣል። ቀጥሎ ጎማውን ከላይና ከታች ይዞ መነቅነቅ ነው፤ መወዛወዝ የለበትም። ይህ ቢደረግልሽ ኖሮ የሁለት ኩሽኔታ ዋጋ ኪስሽ ውስጥ ይቀር ነበር። በዚህ ልቤ አዝኗል።

አሁን ምልክቱን እንፈልግ። እኔ በዚህ ሥራ ከ20 ዓመት በላይ ስቆይ ከሁሉ አብልጬ የማምነው ይህንን ነው። ጆሮ ይሳሳታል። የመኪና አካል ድምፅን ከቦታ ቦታ ይወስዳል፤ ከቀኝ የመጣው ከግራ የመጣ ይመስላል። ሁለት ነገሮች ከተፋተጉ ግን በሁለቱም ላይ ምልክት ይቀራል። ምልክቱ ሳይገኝ ዕቃ አይገዛም።

መጀመሪያ የዕቃ መጫኛውን ባዶ አድርጊ። ትርፍ ጎማው፣ ክሪኩ፣ የውሃ ጀሪካኑ፣ ሁሉም ይውጣ። በመታጠፊያ ላይ የሚንሸራተት ዕቃ ስንቱን አስቀይሮ አይቻለሁ። ከዚያ ደልዳላ ቦታ አቁሚ፣ ሞተር አጥፊ፣ የእጅ ፍሬን ያዢ። የስልክሽን መብራት አብርተሽ ቀኙን የኋላ ጎማ ከውጭ በኩል እዪ። ጎማው ትከሻ ላይ፣ ማለትም መሬት የሚረግጠው ፊትና ጎኑ የሚገናኙበት ዙሪያ ላይ፣ የሚያብረቀርቅ ወይም የተሻከረ ቀለበት አለ? አሁን ደግሞ ከላዩ ያለውን የፓራፋንጎ ጠርዝ ተመልከቺ። ቆርቆሮው ወደ ውስጥ ታጥፏል። በዚያ ጠርዝ ላይ ቀለሙ ተልጦ ብረቱ ነጥቷል? ወይስ ጥቁር የጎማ ቅባት የመሰለ ነገር ተለጥፎበታል? በጣትሽ ስትነኪው ተጠንቀቂ፤ የተሞረደ ጠርዝ እንደ ምላጭ ይቆርጣል።

ግልጽ ካልሆነ ነጭ ጠመኔ ግዢ። የጎማውን ትከሻና ጎን ዙሪያውን፣ የፓራፋንጎውንም ጠርዝ ወፈር አድርገሽ ቀቢ። የግራውንም እንዲሁ አድርጊ፤ ማወዳደሪያ ይሆንሻል። ከዚያ እነዚያኑ ተሳፋሪዎች ጫኚና ድምፁ የሚሰማበት አደባባይ ሄደሽ በረጋ ፍጥነት አንድ ሁለቴ ዙሪ። ዳር አቁመሽ ውረጂ። ጠመኔው የተላጨበት ቦታ የሚነካካው ቦታ ነው። ይህ ከማንኛውም የጋራዥ መሣሪያ የማያንስ ምርመራ ነው።

ስለ ያንቺ መኪና ግምቴ እንዲህ ነው፤ በቁጥር ላሳይሽ። የዚህ ዘመን ቪትዝ በብዛት ይዞት የሚመጣው ጎማ 165/70 አር 14 ነው። 165 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። 70 ደግሞ የጎኑ ቁመት የስፋቱ ስንት በመቶ እንደሆነ ይናገራል። 14 የቸርኬው ልክ በኢንች ነው። ከ165 ላይ 70 በመቶ 115.5 ሚሊ ሜትር ይሆናል። አሁን «ከፍ የሚል» ተብሎ የተገጠመልሽ፣ ገበያ ላይ እንደማየው ከሆነ፣ 185/70 አር 14 ሳይሆን አይቀርም። ከ185 ላይ 70 በመቶ 129.5 ነው። ከመሃሉ ወደ ላይ 14 ሚሊ ሜትር ጨመረ ማለት ነው። ወደ ጎንም 20 ሚሊ ሜትር ሰፋ፤ 10 ወደ ውስጥ፣ 10 ወደ ውጭ። መኪናዋን የሠሩት ሰዎች ጎማውና ፓራፋንጎው መካከል የተዉት ክፍተት የተለካው ለትንሹ ጎማ ነው። አንቺ ከዚያ ክፍተት ላይ ከላይ 14፣ ከጎን 10 ወስደሻል።

ትክክለኛው ልክ በሾፌሩ በር በኩል፣ ምሰሶው ላይ በተለጠፈው ወረቀት ተጽፏል። መሪዋ ከቀኝ ወደ ግራ የተዛወረ ከሆነች በቀኝ በር በኩል ፈልጊው። ጎማው ጎን ላይ ያለውን ቁጥር ከዚያ ጋር አስተያዪ። በነገራችን ላይ ትልቁ ጎማ ፍጥነትሽንም ይዋሽብሻል። ዳሽቦርዱ 80 ሲል አንቺ ወደ 84 ገደማ እየሄድሽ ነው።

ጎሚስታው ለምን አላየውም ትዪ ይሆናል። ጎሚስታ መኪናን የሚያያት ክሪክ ላይ ሆና ነው። ክሪክ ላይ ስትሆን ጎማው ወደ ታች ይንጠለጠላል፤ ክፍተቱ እጅ የሚያስገባ ይመስላል። ባዶዋን መሬት ላይ ብትቆምም በቂ ይመስላል። ሰው ተጭኖ፣ ዳገት ላይ፣ ወደ አንድ ጎን ስታዘነብል ምን እንደሚሆን እዚያ ቆሞ አይታይም።

ቸርኬም አብረሽ ቀይረሽ ከሆነ ሌላ ነገር ይጨመራል። ቸርኬ ላይ «ኢቲ» (ET) የሚል ምልክትና ቁጥር ይታተማል። ያ ቁጥር ሲያንስ ጎማው በዚያው ልክ ወደ ውጭ ይወጣል። 45 የነበረው 35 ከሆነ 1 ሴንቲ ሜትር ወጣ። ቀዳዳው ገጥሞ መታሰሩ ብቻ ቸርኬው ልክ ነው አያሰኝም።

ነገር ግን እህቴ፣ እዚህ ላይ ቆም ማለት አለብን። የእንጦጦ መንገድ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ይታጠፋል። ጎማው ብቻ ቢሆን ኖሮ ወደ ቀኝ ስትታጠፊም ግራው ይጮኽ ነበር፤ አራቱም ጎማ አንድ ዓይነት ነውና። በአንድ በኩል ብቻ ከሆነ ቀኙ ጎን ከግራው የተለየ ነገር አለው። ጎማው የቆየ ችግር አጋለጠ እንጂ ብቻውን ላያመጣው ይችላል። ይህንን ሳናጣራ ጎማ ብቻ ቀይረን ብንለያይ ሥራውን በግማሽ መተው ነው።

ሜትር አምጪ። ደልዳላ ቦታ ላይ፣ ባዶዋን፣ ከጎማው መሃል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ያለውን ቁመት በግራም በቀኝም ለኪ። ቀኙ ከግራው ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ ካነሰ ሞላው ደክሟል ወይም ተሰብሯል። ከዓመታት በፊት አንዲት ኮሮላ ልክ እንዳንቺ እየተፋተገች መጣችልኝ። ባለቤትየው የፓራፋንጎውን ጠርዝ ሁለት ጊዜ አስቀጥቅጦ ነበር። ለክቼ ሳየው ቀኙ በ2 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሏል። ጎማው ወጥቶ ሞላውን ሳየው ደህና ይመስላል። ሲወርድ ግን የመጨረሻው ቀለበት ተሰብሮ ማረፊያው ላስቲክ ውስጥ ተኝቶ ተገኘ። ሞላ የሚሰበረው ብዙ ጊዜ እዚያ ጫፍ ላይ ነው፤ ጭቃና ውሃ የሚጠራቀምበት ቦታ ነው፣ ሳይወርድ በቀላሉ አይታይም።

ሰዎች ሞላንና ሾክ አብዞርበርን ያደባልቃሉ። ክብደት የሚሸከመው ሞላ ነው። ሾክ የሚያደርገው መወዛወዙን መግታት ነው። ዝቅ ያለችን መኪና ሾክ በመቀየር ከፍ ማድረግ አይቻልም። «ሾክሽ ደክሟል፣ ቀይሪው፣ ድምፁ ይጠፋል» የሚልሽ ካለ መጀመሪያ ልኩን አሳዪው። እርግጥ ነው፣ ዘይት ያፈሰሰ ሾክ ካለ ጉድጓድ ሲመታ ጎማው እየዘለለ ጠርዙን ይነካል። ከሾኩ ዘንግ ጋር የምትቀመጥ አንዲት ጎሚኒ፣ ማለትም የላስቲክ ቁራጭ፣ አለች። ሥራዋ ሞላው ከልክ በላይ እንዳይጨመቅ ማስቆም ነው። በዕድሜ ብዛት ተፈርፍራ ካለቀች ጎማው መድረስ የሌለበት ቦታ ይደርሳል። ዋጋዋ ትንሽ ስለሆነ ማንም አያስታውሳትም። እሷንም እንዲያዩልሽ ጠይቂ።

ሁለተኛው ልኬት በክር ነው። ክር ጫፍ ላይ ዳዶ እሰሪና እንደ ግንበኛ ቱንቢ አድርገሽ ከፓራፋንጎው ጠርዝ፣ ከጎማው መሃል በላይ፣ ወደ ታች ልቀቂው። ጎማው ከክሩ ምን ያህል እንደገባ ወይም እንደወጣ በግራም በቀኝም ለኪ። ሁለቱ እኩል ወይም ተቀራራቢ መሆን አለባቸው። ቀኙ ወጥቶ ግራው በዚያው ልክ ከገባ፣ ሁለቱን ጎማዎች የሚያያይዘው የኋላ አክሰል ወደ ቀኝ ተንሸራቷል። አክሰሉ ከመኪናዋ ሆድ ጋር የሚያያዝባቸው ሁለት ትልልቅ ጎሚኒዎች አሉ። እነሱ ሲቀደዱ ይህ ይመጣል። ድንጋይ ወይም የመንገድ ጠርዝ በኃይል የመታ አክሰልም ይጣመማል።

ጎሚኒዎቹ ከላሉ አንድ ነገር ልብ በዪ። ወደ ግራ ስትታጠፊ የመኪናዋ አካል ወደ ቀኝ ይሸሻል፣ አክሰሉ ግን ወደ ኋላ ይቀራል። ያኔ ቀኙ ጎማ ወደ ውስጥ ነው የሚጠጋው። ምልክቱ ውጭ ባለው ጠርዝ ላይ አይገኝም፤ በጎማው ውስጠኛ ጎን፣ በሞላው ማረፊያ ወይም በሾኩ አካል ላይ ነው የሚገኘው። ግራው ጎማ ደግሞ ወደ ውጭ ይወጣል። ስለዚህ ውጭውን አይተሽ ምንም ካጣሽ አትቁሚ። ጎማው ይውጣና ውስጡ ይታይ።

ሁለቱ ልኬት እኩል ከሆኑ የቀረው ቆርቆሮው ነው። ያገለገለች መኪና አንድ ጎኗ ተመትቶ ተቀጥቅጦ ሊሆን ይችላል። በደንብ ያልታጠፈ ጠርዝ፣ ወፍራም ስቱኮ፣ ወደ ውስጥ የገባ ቆርቆሮ ጥቂት ሚሊ ሜትር ይበላል። በልኩ ጎማ ላይ አይታወቅም። 1 ሴንቲ ሜትር የሰፋ ጎማ ሲገባ ግን ይነካል።

ጠመኔው ምንም ካልተላጨስ? ያኔ ችግሩ ሌላ ዓይነት ነው። በጎማው ጉድጓድ ውስጥ የፕላስቲክ ሽፋን ካለ እዪው። ማሰሪያ ቁልፎቹ ወልቀው ተንጠልጥሎ ሊሆን ይችላል፤ ጎማው የነካው ቦታ ተወልውሎ ጥቁር መስታወት ይመስላል። መፍትሔው ሁለት ትንንሽ ማሰሪያ ነው። ክረምት ላይ የደረቀ ጭቃም እንዲሁ ያደርጋል። የጭስ ማውጫውን ማርሚታም፣ ከበረደ በኋላ፣ በእጅ ነቅንቂው። የተንጠለጠለበት ላስቲክ ከተበጠሰ በመታጠፊያ ላይ ወዝወዝ ብሎ አክሰሉን ወይም ሆዷን ይነካል።

ከዚያ ፍሬኑ ነው። ያንቺ የኋላ ፍሬን ታምቡር፣ ማለትም ሸራው ከውስጥ የሚይዘው ክብ ብረት፣ ሳይሆን አይቀርም። ባዶ ሜዳ ላይ፣ ከ15 ባልበለጠ ፍጥነት፣ ድምፁ እየተሰማ የእጅ ፍሬኑን ቁልፉን እንደተጫንሽ ትንሽ ብቻ ሳብ አድርጊው። ድምፁ ከተቀየረ ሸራው ወይም ታምቡሩ አለበት፤ ታምቡሩ ተከፍቶ ይታይ። ካልተቀየረ ከፍሬን ላይ ጥርጣሬሽን አንሺ። የድምፁን ምትም አዳምጪ። ያንቺ ጎማ አንድ ዙር ሲዞር 2 ሜትር ገደማ ይሄዳል። በ30 ስትሄጂ በሰከንድ 4 ጊዜ ያህል ይዞራል ማለት ነው። ድምፁ «ሽ፣ ሽ፣ ሽ፣ ሽ» እያለ በዚያው ምት ከመጣ አንድ ቦታ ብቻ ነው የሚነካው። የተጣመመ ታምቡር፣ ያበጠ ጎማ፣ የተጎዳ ቸርኬ ሊሆን ይችላል። ሳይቆራረጥ «ሽሽሽ» ካለ፣ አንቺ እንደጻፍሽው፣ ዙሪያውን ነው የሚፋተገው።

ምልክቱ ፓራፋንጎው ላይ ተገኘ እንበል። መፍትሔው ወደ ልክሽ ጎማ መመለስ ነው። ጎማዎቹ ገና የአንድ ወር ስለሆኑ በደህና ዋጋ ይሸጣሉ፤ ግን ትከሻቸው ሳይበላ ፍጠኚ። 165/70 ካጣሽ 175/65 አር 14 ያስኬድሻል። ቁመቱ ከዋናው ጎማ ጋር በጥቂት ሚሊ ሜትር ነው የሚለያየው፣ ወደ ጎንም በእያንዳንዱ በኩል 5 ብቻ ይሰፋል። ጎኑ ላይ ያለው የመሸከሚያ ቁጥር ከዋናው እንዳያንስ አድርጊ። ሞላው ደክሞ ከተገኘ ሁለቱንም በአንድ ላይ ቀይሪ። አንዱን ብቻ ከቀየርሽ መኪናዋ ወደ ሌላው ታዘነብላለች።

መሬት የሚነካሽ ነገር እንዳለ አውቃለሁ፤ ጎማ ያስቀየረሽም እሱ ነው። የደከመ ሞላ ለዚያም ተጠያቂ ሊሆን ይችላል። ጤነኛ ሞላ ሲገባ የጠፋው ከፍታ ይመለሳል፤ ትልቅ ጎማ የፈለግሽበት ምክንያትም ይቀንሳል።

የማልመክርሽን ልናገር። ጠርዙን በመዶሻ መቀጥቀጥ ወይም በሞረድ መቁረጥ ይቅር። እዚያ ቦታ ሁለት ቆርቆሮዎች የተጋጠሙበት ነው። ቀለሙ ሲሰነጠቅ ዝገት ይገባል፣ ቀስ በቀስም ፓራፋንጎውን ይበላዋል። በአደጋ የገባ ቆርቆሮን ወደ ቦታው መመለስና ቀለሙን መጨረስ ግን ትክክል ነው፤ እሱ ጥገና ነው። በሞላው ቀለበቶች መሃል ላስቲክ ማስገባትም አልወድም። ከፍ ያደርጋታል፣ ድምፁም ሊጠፋ ይችላል። ነገር ግን ሞላው እኩል አይሠራም፣ ላስቲኩ የያዘው ቦታ ላይ ጫናው ይበረታል፣ የተሰበረ ሞላም ከተደበቀ ይደብቀዋል። ንፋስ አብዝቶ መንፋትም መፍትሔ አይደለም።

ይህን ለምታነቡ ሌላ መኪና ላላችሁ በአጭሩ ልጨምር። ሃይሉክስና መሰሎቹ ላይ፣ አራቱንም ጎማ የሚያሽከረክረውን ማርሽ ለጭቃ አስገብታችሁ አስፋልት ላይ ሳታወጡ ከቀራችሁ፣ ስትታጠፉ ጎማዎቹ እየተጎተቱ ይፋተጋሉ፤ መኪናውም የተያዘ ይመስላል። የፊቱና የኋላው ጎማ በመታጠፊያ ላይ የሚሄዱት ርቀት እኩል ስላልሆነ ነው። ወዲያው አውጡት። በሞላ ፈንታ ባሌስትራ፣ ማለትም የተደራረበ ዝርግ ብረት፣ ያላቸው፣ እንደ ሃይሩፍ ሚኒባስ ያሉ መኪኖች ላይ፣ የባሌስትራው መሃል ቡሎን ከተቆረጠ አክሰሉ ይንሸራተታል፤ ጎማው ጠርዙን ይነካል። እሱ ለነገ የሚባል ነገር አይደለም። ከኋላ ዲስክ ያላቸው መኪኖች ላይ ደግሞ በዲስኩና በጀርባው ስስ ቆርቆሮ መሃል ጠጠር ይገባል። ድምፁ ጆሮ ይቀዳል፤ ጥቂት ወደ ኋላ ሲነዱ አንዳንዴ ራሱ ይወድቃል።

ያንቺ መኪና እስክትሠራ መንዳት ይቻላል ወይ? የጎማው ትከሻ የተወለወለ ብቻ ከሆነ፣ ብቻሽን፣ ቀስ ብለሽ፣ በከተማ ውስጥ እስከ ጋራዥ ድረስ ትችያለሽ። ሰው አትጫኚ። ነገር ግን ከጎማው ውስጥ ክር ወይም ሽቦ መታየት ከጀመረ፣ ጎኑ ካበጠ፣ ጎማው ሲነቀነቅ ከተወዛወዘ፣ ሞላው ተሰብሮ ከተገኘ ወይም ከኋላ የተቃጠለ ሽታ ከመጣ አትንጂያት። የተፋተገ ጎማ የሚፈነዳው ተጭኖና ሞቆ ባለበት ሰዓት ነው። ያንቺው ደግሞ እናትሽን የያዝሽበት የእንጦጦ ዳገት ነው።

ጎማ ማውጣት ካስፈለገሽ ራስሽ ማድረግ ትችያለሽ። ደልዳላ መሬት ይሁን፣ የፊት ጎማዎቹ ከፊትም ከኋላም ድንጋይ ይደረግባቸው። በክሪክ ብቻ የተነሳች መኪና ሥር ግን እጅሽን እንኳ አታስገቢ። ድንጋይና ብሎኬት ደርድሮ ማስደገፍም አይሆንም፤ ብሎኬት ሳያስጠነቅቅ ይፈረካከሳል። እግር ያለው የብረት ማስደገፊያ ከሌለ ሥራው ጋራዥ ይሂድ።

ጋራዥ ስትደርሺ «ድምፅ አለ፣ እዩልኝ» አትበዪ። እንዲህ በዪ፦ «ወደ ግራ ስታጠፍ፣ ሰው ሲሳፈር ነው። ጠመኔ እዚህ ጋ ተላጭቷል። ቀኙ ቁመቱ ይህን ያህል፣ ግራው ይህን ያህል ነው። የሚቀየር ዕቃ ካለ ምልክቱን አሳዩኝና ነው የምገዛው።» ጥሩ መካኒክ በዚህ አይቆጣም፤ ሥራውን አቅልለሽለታል።

ተሠርቶ ሲያልቅ ደግሞ ጋራዡ በር ላይ አንድ ዙር ዞረሽ አትቀበዪ። ባዶዋን ድሮም አትጮኽም ነበር። አንዱን መካኒክ ከፊት፣ ሁለቱን ከኋላ አስቀምጪና ዳገት ላይ ወደ ግራ እጠፊ። ዝም ካለች በማግስቱ ጠመኔውን እንደገና ቀቢና እናትሽንና እህቶችሽን ይዘሽ እንጦጦ ውጪ። ስትመለሺ ነጩ ቀለም እንዳለ ከሆነ፣ ዳዶዎቹን 100 ኪሎ ሜትር ከሄድሽ በኋላ ደግመሽ ከማስለካት በቀር የቀረሽ ነገር የለም።